«ኔትወርክ የለም» ከመባሉ በፊት

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አንድ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ገብቶ «ኢንተርኔት ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ወዲያው ያገኛል፤ «ኔትወርክ የለም»። አንዳንዴ እውነት ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባሮ ዳር የተቀመጠች ከተማ መስመር ሲቋረጥባት ማንም አይደነቅም። አስገራሚው ሌላው ቀን ነው፦ ዴስክቶፑ «የለም» ሲል እዚያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የባለቤቱ ስልክ በዚያው ቤት ዋይፋይ ቪዲዮ ያጫውታል።

በእንዲህ ያለ ቀን የሚከሰሱት ይታወቃሉ። መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ቀጥሎ ራውተሩ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሊኑክስ ከተጫነ ደግሞ ሊኑክስ። «ሊኑክስ ዋይፋይ አይወድም» የሚለው ፍርድ ከአዲስ አበባ እስከ ኢታንግ ይግባኝ የለውም። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተሰካችውን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጠውን የዋይፋይ መቀበያ፣ ዶንግሏን ግን ጠርቶ የሚጠይቃት የለም።

ሊኑክስ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥርዓት ነው። ነፃ ነው፣ የፍላሽ ቫይረስ እምብዛም አያስጨንቀውም፣ ሌላው ሥርዓት «አልችልም» ያለውን ባለ 2 ጊጋባይት አሮጌ ማሽን ያንቀሳቅሳል። ይህን መቼም ሁሉም ያውቃል። ያን ቪዲዮ የሚያጫውተው አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው ከርነልም፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ሊኑክስ መሆኑን ግን ከሳሾቹ ይረሳሉ። ዋይፋይ የማይወድ ቢሆን ኖሮ የአገሩ አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ዝም ባለ ነበር።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ብዙውን ጊዜ ዶንግሏ ውስጥ ባለችው ቺፕ ነው። ገዢ ደግሞ ቺፕ አይገዛም፤ የሚገዛው ሣጥን ነው።

ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን የተባለውን ዶንግል እንመልከት። ነጭ ነው፣ የሚዞር አንቴና አለው፣ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ይታወቃል። የመጀመሪያው ስሪት ውስጥ ያለው ቺፕ የአቴሮስ ኤአር9271 ነው። ይህ ቺፕ በሊኑክስ ሰዎች ዘንድ እንደ ቅዱስ ይታያል፤ ድራይቨሩ፣ ማለትም ቺፑን የሚያናግረው የኮምፒውተሩ ፕሮግራም፣ ከርነሉ ውስጥ አብሮ ስለሚመጣ ሲሰካ ይሠራል። ኩባንያው በ2013 እ.ኤ.አ. የፈርምዌሩን ምንጭ ኮድ ሳይቀር ለሕዝብ ለቀቀው። ፈርምዌር ማለት ቺፑ ራሱ የሚያሄደው ፕሮግራም ነው፤ ዶንግሉ በተሰካ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ዲስክ ወደ ቺፑ ይጫናል፣ እሱ ካልተጫነ ቺፑ ዝም ብሎ ብረት ነው። እዚህ ድረስ መልካም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስሪት ሲመጡ ግን ስሙም አንቴናውም እንዳለ ቀርቶ ውስጡ ተለወጠ፤ ቺፑ የሪልቴክ አርቲኤል8188ኢዩኤስ ሆነ። ሌላ ቺፕ፣ ሌላ ድራይቨር፣ ሌላ ፈርምዌር። የኢንተርኔት ምስክር አንብቦ «ይኼ ከሊኑክስ ጋር ይስማማል» ብሎ የገዛ ሰው ስሪቱን የምትነግረውን ትንሽ ቁጥር ካላየ የገዛው ሌላ ዕቃ ነው።

ሻጭን መውቀስ ይቀላል፤ ሻጩም ግን የሚያየው ሣጥኑን ነው። እውነቱን የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ሲሆን ለመናገርም አምስት የላቲን ፊደል ብቻ ይጠይቃል፦ ኤል፣ ኤስ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቢ። ተርሚናል ተከፍቶ ይህች ትእዛዝ ስትጻፍ በዩኤስቢ የተሰካው ሁሉ ከነመለያ ቁጥሩ ይዘረዘራል። በ9271 የሚያበቃ ቁጥር ከታየ ባለቤቱ ዕድለኛ ነው። ቁጥሩ በ2357 ከጀመረ የቲፒ-ሊንክ መለያ ነው፤ ውስጡ ማን እንዳለ ከቀሪው ቁጥር ይጣራል። አንዳንዶቹ የሪልቴክ ዶንግሎች ደግሞ ሲሰኩ ዋይፋይ መሆናቸውን ደብቀው ሲዲ ነን ይላሉ። ሆዳቸው ውስጥ ለሌላ ሥርዓት የተዘጋጀ ድራይቨር ስለያዙ ነው፤ «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የተባለው ፕሮግራም ወደ እውነተኛ ማንነታቸው ይመልሳቸዋል።

ሁለተኛዋ ትእዛዝም አምስት ፊደል ናት፦ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ፤ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ከፊቷ «ሱዱ» ይጨመራል። ይህች የከርነሉ የውሎ መዝገብ ናት። ዶንግሉ መቼ እንደተሰካ፣ የትኛው ድራይቨር እንደተቀበለው፣ የትኛው የፈርምዌር ፋይል እንደተፈለገ ሁሉ ተጽፎባታል። ፋይሉ ካልተገኘ ስሙን ከነአድራሻው ጠርታ መጨረሻው ላይ −2 ትጽፋለች፤ ይህ ማለት «የተባለው ፋይል በቦታው የለም» ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነ በሽተኛ ለየትኛው ሐኪም ደርሶታል? ኒውላንድ ሰፈር አንድ ወጣት ጠጋኝ ይህ መስመር ፊቱ ተጽፎ እያለ «ጋሼ፣ ፎርማት ይደረግ» ሲል ጸሐፊው ሰምቷል። ፎርማት ተደረገ። ያው ሲዲ ያለዚያው ፋይል ያንኑ ሥርዓት ጫነ፣ መዝገቡም ያንኑ መስመር መልሶ ጻፈ። ፎርማት የሁሉ ነገር መድኃኒት ነው የሚለው እምነት በዚህ አገር ስንት የመመረቂያ ጽሑፍና ስንት የቤተሰብ ፎቶ እንደበላ እግዜር ይቁጠረው።

ፋይሉ ለምን ቀድሞ አልተካተተም? ነገሩ የመርህ ጠብ ነው። አብዛኛው ፈርምዌር ምንጭ ኮዱ የተዘጋ ነው፤ ነፃ ሶፍትዌር ብቻ እናድላለን የሚሉ ሰዎች ደግሞ የተዘጋ ነገር ሲዲያቸው ላይ ማየት አይፈልጉም። ጠቡ ኢትዮጵያንም በጎን ነክቷታል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለአንዳንድ የአገራችን ትምህርት ቤቶች የመጡት አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፖች በሊኑክስ ይሠሩ ነበር፤ የዋይፋይ ቺፓቸው ግን የማርቬል ሆኖ ፈርምዌሩ ዝግ ነበር። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ነፃ ሥርዓት መሪ ቴዎ ደ ራት ገና በ2006 እ.ኤ.አ. በዚህ ምክንያት የላፕቶፖቹን ፕሮጀክት በአደባባይ ተችቷል። ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በበኩሉ ዝግ ፈርምዌርን ለዓመታት ከመጫኛው ውጭ አቆይቶ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. በአባላቱ ድምፅ ሐሳቡን ለወጠ፤ በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ደቢያን 12 ፋይሎቹን ይዞ ይመጣል። በዚያው ዓመት የካቲት የወጣው ከርነል 6.2 ደግሞ በርካታ አዳዲስ የሪልቴክ ዩኤስቢ ቺፖችን መቀበል ጀምሯል። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በፊት የተገለበጠ ሲዲ ይዞ «ሊኑክስ አይሠራም» የሚል ሰው የሚያማው የድሮውን ሊኑክስ ነው።

የጎደለውን ፋይል ከኢንተርኔት ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መውጫው ኪስ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልክ በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ሲበራ ሊኑክስ እንደ ባለገመድ ኔትወርክ ይቀበለዋል፤ ምንም የሚጫን ነገር የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ስልኩ በዚያ ሰዓት ዋይፋይ ላይ ከሆነ የሚያካፍለው ያንኑ ዋይፋይ ነው፤ የሞባይል ፓኬጅ አይነካም። ስልኩ ራሱ ዶንግል ሆነ ማለት ነው። የድርጅት ሥራ ማመልከቻ ዛሬ ማታ የሚዘጋበት ሰው ጥገናውን ለነገ አሳድሮ ሲቪውን በዚህ መንገድ መላክ ይችላል።

ዋይፋዩ ተገናኝቶ፣ ምልክቱ ሞልቶ፣ ገጽ ግን የማይከፈትበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ አንድን አድራሻ «አለህ?» ብላ የምትጠይቀው ትእዛዝ፣ «ፒንግ»፣ ትፍረድ። መጀመሪያ ራውተሩ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ላይ፣ ይጠየቅ፤ ካልመለሰ ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ቀጥሎ የጉግሉ አድራሻ 8.8.8.8፤ ራውተሩ መልሶ ይህ ካልመለሰ ያኔ ቴሌን መክሰስ ይቻላል። በቁጥር መልስ ተገኝቶ በስም ካልተገኘ ጥፋቱ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው የዲኤንኤስ ነው። ሦስቱም መልሰው ገጹ አሁንም እምቢ ካለ ዓይን ወደ ማያ ገጹ ጥግ፣ ወደ ቀኑ ይዙር።

ቀኑ በኢትዮጵያ የሚገጥም ወጥመድ አለበት። በእኛ ዘመን አቆጣጠር የሚኖር ሰው የኮምፒውተሩን ቀን በእጁ ሲያስተካክል የእኛኑ ዓመት ይሞላል። ኮምፒውተሩ ዓመተ ምሕረት አያውቅም፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደተመለሰ ያምናል። የእያንዳንዱ ድረ ገጽ የደኅንነት የምስክር ወረቀት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ትናንት የተሰጠው ወረቀት በዚህ ማሽን ዓይን ከዓመታት በኋላ የሚጸና ነው። ባንኩም ኢሜይሉም «ገና አልጸናም» ተብለው ይመለሳሉ፣ ማሻሻያ ማውረድም ይቆማል። አሳሹ ሰዓታችሁ ተሳስቷል ብሎ በግልጽ ይጽፋል፤ ተጠቃሚው ሳያነበው ይዘጋውና «ኔትወርክ የለም» ይላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ ስትሞትም ውጤቱ ያው ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ጥንቱ ይሸሻል። ባትሪዋን መለወጥ፣ «ቀንና ሰዓት በራሱ ይስተካከል» የሚለውን ማብራት፣ አለቀ።

ሰዓቱን በአበሻ አቆጣጠር ካላዩ የማይሆንላቸው አሉ፤ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ በእጅ ይመልሱታል። ለእነሱ አንድ ዘዴ፦ ሰዓቱን ሳይነኩ የሰዓት ቀጠናውን የአርጀንቲና ቦነስ አይረስ ያድርጉት። ከእኛ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ጠዋት ሦስት ሰዓት 3፡00 ተብሎ ይታያል፣ ማሽኑ ግን እውነተኛውን ሰዓት አይስትም።

የቦታም ጉዳይ አለ። ሰው ሁሉ ሲፒዩ የሚለው ሣጥን ብረት ነው፤ ዶንግሉ ከጀርባው ተሰክቶ፣ ሣጥኑ ከጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ቤቱ የቆርቆሮ ግድግዳ ሲኖረው ሞገዱ በየት ይግባ? ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ደግሞ ለብቻው ጠላት ነው። ኢንቴል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው ዩኤስቢ 3 ሥራ ላይ ሲሆን የሚያወጣው ረብሻ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም ዋይፋዩ በሚናገርበት ሞገድ ላይ ያርፋል። ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ አጠገብ የተሰካ ዶንግል ፋይል በተገለበጠ ቁጥር የሚደነቁረው ለዚህ ነው። አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ተገዝቶ፣ በጥቁሩ ቀዳዳ ተሰክቶ፣ ዶንግሉ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ።

ስልኩ የሚያየውን ዋይፋይ ዴስክቶፑ ጨርሶ ካላየው፣ ራውተሩ ቻናል 12 ወይም 13 ላይ መሆኑ ይጠርጠር። የአገር መለያው አሜሪካ ሆኖ የተሞላ ኮምፒውተር ከ11 በላይ አይሰማም፤ መለያውን ኢትዮጵያ ማድረግ ወይም ራውተሩን ወደ 1፣ 6 ወይም 11 ማውረድ ነው።

በየደቂቃው እየተቆረጠ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ኔትወርክማናጀር፣ ለላፕቶፕ ባትሪ ሲል ካርዱን እያስተኛው ሊሆን ይችላል። በኡቡንቱ ላይ ይህ በአንድ የቅንብር ፋይል ውስጥ «ፓወርሴቭ» በሚል ቃል ፊት 3 ተብሎ ይገኛል። ዴስክቶፕ የሚቆጥበው ባትሪ የለውም፤ 3ቱ ተሰርዞ 2 ይጻፍና ኔትወርክማናጀር እንደገና ይነሣ።