ከጓዳና ከጓሮ የሚወጣ ቅባት

እናቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደረቀ የአደስ ቅጠል ወቅጣ በለጋ ቅቤ ታሸው ነበር። ሽታው ከጓዳ አልፎ ግቢውን ይሞላዋል። ከዚያ አናታችን ላይ ታደርግልንና በአሮጌ ነጠላ አስራ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠናለች። ቅቤው ቀልጦ በጆሮ ግንዳችን መውረድ ሲጀምር በመዳፏ እየጠረገች ክርናችንን፣ ጉልበታችንን፣ ንቃቃት የበዛበትን ተረከዛችንን ታብስበታለች። የሰነበተ ቅቤ ለወጥ እንጂ ለራስ አይሆንም ትል ነበር። በዚህ ዳሰሳ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህች አባባሏ ነው፤ የጓዳ ቅባት ጥበቡ ያለው አዘገጃጀቱና ጊዜው ላይ ነውና።

ቅቤ ቆዳ ላይ የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው። ሰውነት የያዘው ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ ከላይ ይሸፍነዋል። ሮበርት ቼስብሮ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቫዝሊንም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቫዝሊን ግን ዓመት ቢቀመጥ አይለወጥም፤ ቅቤ በሳምንታት ውስጥ ይሸታል። ፊቱ ወዛም የሆነና ብጉር የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ከራሱ ወደ ግንባሩ የሚወርደው ቅቤ ብጉሩን ያባብስበታል። ከሁሉ በላይ ቅቤ የማይነካው አንድ ቦታ አለ፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን እትብት። በየአገሩ ሲቀባ የኖረ ቢሆንም ለመንጋጋ ቆልፍና ለሌላም ኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

ቅቤ የማይስማማው ሰው በሰም መቅባት ይችላል። ማር የሚነጠርበት ቤት ሰም አይታጣም። አንድ እጅ ንጹሕ ሰም ከአራት እጅ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት ጋር በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ይቀልጣል፤ ሲበርድ ለከንፈርና ለተረከዝ የሚሆን ጠንከር ያለ ቅባት ይሆናል። ውሃ ስለሌለበት ቶሎ አይሻግትም። ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ነገር ሁሉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃ የገባበት በቀናት ዕድሜ ይለካል፣ ያልገባበት በወራት።

ውሃ ከገባባቸው ውስጥ እኔ የምወደው ተልባ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሳይፈጭ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ይፈላል። መዝለግለግ ሲጀምር ትኩሱን ማጥለል ነው፤ ከበረደ ወንፊት አያሳልፈውም። የወጣው ልጋግ ፊት ላይ ሲደርቅ ቆዳን ያዝ ያደርጋል፣ ሲታጠብ ደግሞ ለስላሳ ያደርገዋል። ፀጉር የሚያስተኙበትም ብዙ ናቸው። አብሽም ተነክሮ ሲያድር እንዲሁ ይሆናል፤ ሽታው ግን ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ሁለቱም ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ ባይቀመጡ ይሻላል።

እሬትን በብዛት የምናውቀው በመራራነቱ ነው፤ እናቶች ልጅ ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡት እሱን ነው። ያ ምሬት ያለው ከልጡ ስር ባለው ቢጫ ፈሳሽ ውስጥ ሲሆን ብዙ ሰው ላይ ማሳከክ የሚያመጣውም እሱ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ከስሩ ተቆርጦ ብርጭቆ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቢጫው ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። ከዚያ ታጥቦ፣ እሾሃማው ጠርዝ ተቆርጦ፣ ልጡ ተልጦ መካከል ላይ ያለው እንደ መስታወት የጠራው ክፍል ብቻ ይወሰዳል። ፀሐይ የለበለበውን ቆዳ የሚያቀዘቅዘው ይህ ነው።

ማር ከጓዳ ዕቃዎች ሁሉ ሳይንስ አጥብቆ የመረመረው ነው ማለት ይቻላል። በውስጡ ያለው ውሃ ጥቂት ስለሆነና አሲድነት ስላለው ጀርም አይመቸውም፤ ሲቀጥን ደግሞ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። በሆስፒታል ለቁስል የሚውለው ማር ግን በጨረር ከጀርም የጸዳ ነው፤ ከገበያ የተገዛ ማር ክፍት ቁስል ላይ አይደረግም። በረጠበ ፊት ላይ ስስ አድርጎ ቀብቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ መታጠብ ይበቃል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን አጠገብ ካለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ማር ቢልስ ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ ሕመም ሊያመጣበት ይችላል።

ችፌ ለሚያሳክከው ደግሞ አጃ አለ። ልሞ የተፈጨ አጃ በጨርቅ ተቋጥሮ ለብ ያለ መታጠቢያ ውሃ ውስጥ ሲጨመቅ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2003 የላመ አጃን ቆዳን ከሚከላከሉ ነገሮች መካከል መዝግቦታል፤ ከጓዳ ወጥቶ እንዲህ ያለ ዕውቅና ያገኘ ብዙ አይደለም።

ማጠቢያውን ካነሳን እንዶድ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። ነጠላ የሚያነጣው አረፋ ግን ለፊት ከባድ ነው፤ ዓይን ከገባ ያቃጥላል። የቡና አተላና ስኳርም ለክርንና ለተረከዝ እንጂ ለጉንጭ ሻካራ ናቸው።

ማቅለሚያው ራሱን የቻለ ዓለም ነው። በደጋው ለበዓልና ለሠርግ እጅና እግር በእንሶስላ ይቀላል። ሥሩ ከጓሮ ተቆፍሮ፣ ተልጦ፣ ተወቅጦ ይታሰራል። ሐረርና ምሥራቁ ሒና ነው፤ የሁለቱም ቀለም ከአንድ የኬሚካል ቤተሰብ ነው። ዓረብ አገር ሠርተው የሚመለሱ እህቶቻችን የለመዱት «ጥቁር ሒና» ግን ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ቀለም የተጨመረበት ነው፤ ቆዳን አቁስሎ ዕድሜ ልክ የማይለቅ አለርጂ ሊያተርፍ ይችላል። ኩልም ብዙ ጊዜ እርሳስ ካለበት ማዕድን ስለሚፈጭ ለሕፃን ዓይን ፈጽሞ አይሆንም።

በጣም የሚያሳዝነኝ የሎሚው ነገር ነው። ማድያት የወጣባት ሴት ሁሉ አንዴ ሎሚ እንድትቀባ ተመክራለች። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች አምስት አካባቢ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ሁለት አካባቢ ነው። በዚህ ላይ በሎሚ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ በዝናብ ወራት እንኳ ብርቱ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ለማድያቷ ሎሚ ጨምቃ ቀብታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ረጅም ሰዓት ቆመች። በማግስቱ ጉንጯ ቀላ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጭማቂው ከመዳፏ እስከ ክርኗ የወረደበት መንገድ በእርሳስ እንደተሰመረ ጥቁር መስመር ሆኖ ወጣ። ሐኪሙ ክንዷን ብቻ አይቶ «ሎሚ ነክተሻል?» አላት።

መስመሩ እስኪጠፋ ወራት ፈጀ። ማድያቷን ያበረደላት ሐኪሙ ያዘዘላት የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ዣንጥላ ነው። ከጓዳዋ የቀረላት ተልባው ብቻ ነው፤ እሱንም መጀመሪያ ክንዷ ላይ ቀብታ አንድ ቀን ጠብቃ ነው ወደ ፊቷ ያወጣችው።