የደኅንነት ምሕንድስና ትምህርትና ለነጋዴው የሚሰጠው ጥቅም

ከመሐንዲሶች መካከል አንዱ ሕንፃ ይሠራል፤ ሌላው የመኪናን ሥራ ያውቃል፤ ሌላው ኤሌክትሪክ ይዘረጋል፤ ሌላውም የኬሚካልን ጠባይ ይመረምራል። እነዚህ ሁሉ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ባንድነት የሚማሩት የደኅንነት ምሕንድስና የተባለ ከፍተኛ ትምህርት አለ። ስለ ምን ባንድነት መማር እንዳስፈለጋቸው ቀጥሎ ያለው አደጋ ያስረዳል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቴክሳስ አገር፣ ፓሳዴና በሚገኘው የፊሊፕስ ፕላስቲክ ፋብሪካ ሠራተኞች የተደፈነ ቧንቧ ይጠርጉ ነበር። ቧንቧውን የሚዘጋው ቫልቭ የሚሠራው በአየር ግፊት ሲሆን፣ የመክፈቻውና የመዝጊያው ጎማዎች መግጠሚያቸው አንድ ዓይነት ስለ ነበረ ተለዋውጠው ተገጠሙ። ተዘግቷል የተባለው ቫልቭ ተከፍቶ ከ38 ሺህ ኪሎ በላይ ተቀጣጣይ ጋዝ ወጣ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥም ፈንድቶ 23 ሰዎች ሞቱ። ለእሳት ማጥፊያ የሚሆነው ውሃ የሚመጣው ፋብሪካው ለሥራ ከሚጠቀምበት መሥመር ስለ ነበረ፣ ቧንቧዎቹ በፍንዳታው ሲሰበሩ የውሃው ግፊት ደከመ። ሕንፃዎቹም እጅግ ተቀራርበው የተሠሩ ነበሩ።

እንግዲህ ጥፋቱ የመካኒክ፣ የኬሚካል፣ የውሃና የሕንፃ ጉዳይ በመሆኑ፣ አንዱ ሙያ ብቻውን አይቶ ሊጨርሰው አይችልም። በዚያ አደጋ በሞተችው የሥራ ኀላፊ በሜሪ ኬይ ኦኮነር ስም በ1995 ዓ.ም. በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የደኅንነት ጥናት ማዕከል ተቋቋመ። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ በደኅንነት ምሕንድስና የማስተርስ ዲግሪ ይሰጣል። ተማሪው አደጋን ሳይደርስ ፈልጎ ማግኘትን፣ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ መገመትን፣ የመጀመሪያው መከላከያ ቢከሽፍ ሁለተኛ ማዘጋጀትን ይማራል።

ይህ ትምህርት ለፋብሪካ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በቤይሩት ወደብ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት በመጋዘን ተከማችቶ ከቆየ በኋላ በ2020 ዓ.ም. እሳት ደርሶት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ወደቡና የእህል ጎተራውም ፈርሰዋል። ዕቃው የንግድ ዕቃ፣ ቤቱም የተለመደ መጋዘን ነበር።

ስለዚህ ቤንዚን፣ ቀለም፣ ማዳበሪያ ወይም ጋዝ የሚያስመጣና የሚያከማች ነጋዴ፣ ዕቃው ምን ጠባይ እንዳለው፣ ከምን ጋር መቀመጥ እንደማይገባው፣ ለእሳት ማጥፊያ የሚሆነው ውሃ ከወዴት እንደሚመጣና መጀመሪያ ያሰበው መከላከያ ቢከሽፍ ምን እንደሚተካው አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ዋስትና የዕቃውን ዋጋ ይመልስ ይሆናል፤ የሰውን ሕይወት ግን አይመልስም።