ኮምፒዩተር ሲከፈት ስለሚታየው የቼክሰም ስሕተት

ኮምፒዩተር ሲከፈት በመጀመሪያ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ነው። በብዙ ማዘርቦርዶች ባዮስ የተወሰነለትን ትእዛዝ ሲሞስ ከተባለ ትንሽ መዝገብ ያነባል፤ መዝገቡንና ሰዓቱን ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ የምትጠብቀው፥ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የተባለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት። ባትሪዋ ስትደክም የተመዘገቡት ቁጥሮች ይዛባሉ፤ ድምራቸውም አስቀድሞ ከተጻፈው ድምር ጋራ አይስማማም። የቼክሰም ስሕተት የሚባለው ይኸው ነው፤ ቀኑም አብሮ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ይህን አይቶ ባዮሱን እንደ ገና ለመጻፍ መቸኰል አደገኛ ነው፤ በመካከል መብራት ቢጠፋ ደኅናው ማዘርቦርድ ሳይነሣ ሊቀር ይችላልና። ስለዚህ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ባትሪዋን መለወጥ፥ ቀጥሎም ቀኑንና ትእዛዙን አስተካክሎ መመዝገብ ይገባል። ማዘርቦርዱ የሚጠረጠረው ስሕተቱ ከዚህ በኋላ ቢደጋገም ነው።