ባሕር ዳር ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት

አስጎብኚ ነኝ። እንግዶች «ስንት ኮከብ ነው?» ይሉኛል፤ እኔ የማስቀድመው ውኃውን ነው። ለከተማዋ ቧንቧ ከሚደርሱት ምንጮች መካከል የእንፍራንዝ ምንጮች ይገኙበታል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ምንጭ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ታንከርና ጄኔሬተር እንዳለ፣ ጄኔሬተሩም ሙቅ ውኃውን ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ሳትከፍሉ ክፍሉን ግቡና እዩ። ሻወሩን ከፍታችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ። አጎበሩን ዘርግታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ፤ የጣና ዳር ወባ አለበት።

«ሐይቅ ያሳያል» የተባለ መስኮት አንዳንዴ ዛፍ ብቻ ነው የሚያሳየው። ኩሪፍቱ ሪዞርትና ጣና ሆቴል ግን ሐይቁ ዳር ላይ ናቸው። ንጋት ላይ የደንገል ታንኳ ጭጋጉን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከበረንዳ ማየት ለእኔ ዋናው ቅንጦት ነው። ለስብሰባ ብቻ ለሚመጣ ግን መሃል ከተማ ይሻለዋል።