ከአውሮፕላን ትኬቱ በፊት ቪዛው፡ ህንዳውያን የደቡብ ኮሪያ ጉዟቸውን እንዴት ያቅዳሉ?

እአአ በ2000 በሰሜን ምሥራቅ ህንድ በምትገኘው የማኒፑር ግዛት ታጣቂዎች የሂንዲ ፊልሞች እንዳይታዩ አገዱ። ክፍተቱን የሞሉት በሳተላይት ቴሌቪዥን የሚመጡ የኮሪያ ድራማዎች ነበሩ። የግዛቲቱ ወጣቶች የሴኡልን አለባበስና የፀጉር አቆራረጥ መከተል የጀመሩት ቀሪው ህንድ ስለ ኬ-ፖፕ ከመስማቱ ከዓመታት በፊት ነው። ዛሬ ፍቅሩ ከዴልሂ እስከ ቼናይ ተዳርሷል። በስክሪን ያዩትን ጎዳናና ቤተ መንግሥት በአካል ሄደው ማየት የሚሹ ህንዳውያንም ጥቂት አይደሉም።

ይሁን እንጂ የጉዞውን ቅደም ተከተል የሚወስነው የኪስ አቅም ብቻ አይደለም፤ ፓስፖርትም ነው። አሜሪካዊ፣ ጀርመናዊ ወይም ማሌዥያዊ ጎብኚ ወደ ደቡብ ኮሪያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ህንዳዊ ግን ያስፈልገዋል። «ኬ-ኢቲኤ» የተሰኘው በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድም ከቪዛ ነፃ ለሆኑ አገራት ዜጎች የተዘጋጀ በመሆኑ የህንድ ፓስፖርት ለያዘ ሰው አያገለግልም።

ሰነድና የማይመለስ ገንዘብ

ቪዛ ጠያቂው መተዳደሪያ እንዳለው፣ ወጪውን መሸፈን እንደሚችልና ወደ አገሩ እንደሚመለስ በሰነድ ማሳየት አለበት። የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የገቢ ግብር ማስረጃ፣ ከአሠሪው የተጻፈ ደብዳቤ እንዲሁም በየዕለቱ የት እንደሚያድር የሚያሳይ የጉዞ ዕቅድ ያቀርባል። የራሱ ገቢ የሌለው ተማሪ ወይም የቤት እመቤት ደግሞ የወጪ ሸፋኙን ሰነድና የዝምድና ማስረጃ መጨመር ይኖርበታል።

በህንድ ወላጅ፣ ልጅና አያት አንድ ላይ ተሰባስበው ለእረፍት መውጣታቸው የተለመደ ነው። ማመልከቻው ግን የሚታየው በነፍስ ወከፍ ነው። ለአባት ተፈቅዶ ለልጅ ሊከለከል ይችላል። ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለአጭር ቆይታ የሚከፈለው 40 ዶላር ጥያቄው ውድቅ ቢሆንም አይመለስም።

40 ዶላሩ ግን ትንሹ ኪሳራ ነው። ርካሽ የሚባሉት የአውሮፕላን ትኬቶች በአብዛኛው ገንዘባቸው የማይመለስ ናቸው። ቪዛው ሳይገኝ ለአምስት ሰው እንዲህ ያለ ትኬት መቁረጥ የቤተሰብን የዓመት ቁጠባ ለቁማር እንደማስያዝ ነው። ለማመልከቻው የሚሰረዝ የትኬትና የሆቴል ቦታ መያዝ፣ ክፍያውን ከፈቃዱ በኋላ መፈጸም ይሻላል። በጣም ቀድሞ ማመልከትም አያዋጣም፤ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የሚያገለግለው ከተሰጠበት ቀን አንስቶ ለ3 ወራት ብቻ ነው።

ብዙዎች አቋራጭ መስሏቸው የሚያነሷት ጄጁ ደሴት ናት። የህንድ ዜጎች ወደ ጄጁ ያለ ቪዛ ገብተው እስከ 30 ቀን መቆየት ይፈቀድላቸዋል። ሆኖም ከውጭ አገር በቀጥታ ወደ ደሴቲቱ መብረር ይጠበቅባቸዋል፤ ከዚያ ወደ ሴኡል መሻገርም አይችሉም። ቤተ መንግሥቶቹን፣ ቡሳንንና የድራማ ሥፍራዎቹን ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ መንገድ አይሆንም።

መቼ?

የቼሪ አበባ በሴኡል የሚፈነዳው በመጋቢት መጨረሻ ገደማ ነው። ዕድሜው ከሁለት ሳምንት ብዙም አይዘልም፤ የህንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በአብዛኛው ገና አልተዘጉም። ልጅ ላላቸው የሚስማማው ግንቦት ነው። ዴልሂ በሙቀት ስትነድ ኮሪያ ለዘብ ያለ አየር አላት። ዕረፍቱን ወደ ሰኔ መጨረሻ የገፋ ግን የአገሬው ሰው «ጃንግማ» የሚለው የዝናብ ወቅት ይቀበለዋል። ቅጠሉ ቢጫና ቀይ የሚለብስበት ጥቅምትም ከዲዋሊ በዓል ዕረፍት ጋር ስለሚቀራረብ መልካም ነው። ቹሶክ በተሰኘው የመኸር በዓል ሰሞን ግን ሕዝቡ ወደ ትውልድ ቀዬው ስለሚተም የባቡር ትኬት ማግኘት ይቸግራል።

«ሥጋ የለውም» ሲባል

ሥጋ ለማይበላ ህንዳዊ፣ ከቪዛ ቀጥሎ ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ምግቡ ነው። ኪምቺ ሲያዩት ጎመን ነው፤ ነገር ግን በብዛት የዓሣ መረቅ ወይም በጨው የታሸ ሽሪምፕ ይገባበታል። የአኩሪ አተር ሾርባው የተነሳው ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ ፍል ሊሆን ይችላል። ለአስተናጋጁ «ያለ ሥጋ» ብሎ ማዘዝ በዓይን የሚታየውን ቁራጭ ያስወጣል እንጂ መረቁን አይለውጠውም። በጾም ወቅት ባዕድ አገር ምግብ አዝዞ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ጭንቀት ሳያውቀው አይቀርም። ስለሆነም ሥጋ፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕና የእነዚህን መረቅ በስም እየጠራ «አልበላም» የሚል ጽሑፍ በኮሪያ ቋንቋ አዘጋጅቶ መያዝ ከብዙ ማስረዳት ያድናል።

መፍትሔው ያለው ግን እዚያው ኮሪያ ውስጥ ነው። የቡድሃ ገዳማት ምግብ ሥጋም ዓሣም አይነካውም፤ ነጭ ሽንኩርትና የሽንኩርት ዘሮችም አይገቡበትም። ሽንኩርት የማይቀምሱት የጄይን እምነት ተከታዮች ሳይቀሩ ከሌላው የኮሪያ ማዕድ ይልቅ ለሥርዓታቸው የሚቀርበው ይኸው ነው፤ ሥራ ሥሮችን የሚተዉት ግን ጠይቀው መብላት አለባቸው። ከ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ወዲህ ገዳማቱ ጎብኚዎችን የሚያሳድሩበት «ቴምፕል ስቴይ» የተባለ መርሐ ግብር አላቸው። በሴኡል ኢቴዎን ሠፈር የህንድና የሐላል ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው መመላለስ ግን ኮሪያ ሄዶ ኮሪያን አለመቅመስ ነው።

በከተማ ውስጥ መንቀሳቀሱ ይቀላል። «ቲ-መኒ» የተባለው ካርድ ለአውቶቡስም ለባቡርም ይሠራል፤ ለመሙላት ጥሬ ዎን መያዝ ያስፈልጋል። የአገሪቱ መንግሥት ዝርዝር የካርታ መረጃ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለረጅም ዓመታት ገድቦ ስለቆየ፣ መንገድ ለማግኘት ከጉግል ይልቅ ናቨር ወይም ካካኦ የተሰኙት የአገሬው ካርታዎች ይታመናሉ።

ከሴኡል ባሻገር

ከሴኡል ቡሳን ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ከቡሳን ጎን በምትገኘው ጊምሄ የንግሥት ሄዮ ህዋንግ-ኦክ መቃብር አለ። «ሳምጉክ ዩሳ» የተሰኘው የ13ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ንግሥቲቱ በ48 ዓ.ም. አዩታ ከተባለ አገር በባሕር መጥታ ንጉሥ ሱሮን አገባች። ብዙዎች አዩታ የህንዷ አዮዲያ ናት ይላሉ። የታሪክ ምሁራን ይከራከሩበታል፤ የጊምሄ ኪም ጎሳ አባላት ግን ራሳቸውን የእሷ ዘሮች አድርገው ይቆጥራሉ። በአዮዲያም መታሰቢያ ቆሞላታል። ብዙ የጉዞ ዕቅዶች ይህችን ከተማ መዝለላቸው ያስገርማል።

«ዊንተር ሶናታ» በተሰኘው ድራማ ዝነኛ የሆነችው የናሚ ደሴት ደግሞ በቹንቾን ከተማ ክልል ውስጥ ትገኛለች። ከሴኡል ቹንቾን በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። በከተማዋ ሐይቅ ዳርቻ በ1968 አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀው የቃኘው ሻለቃ ሐውልት፣ ትይዩውም ጣሪያው በኢትዮጵያ ጎጆ አምሳል የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ አለ። ህንድ ወደዚያው የኮሪያ ጦርነት የላከችው ተዋጊ ሳይሆን 60ኛውን የፓራሹት የሕክምና ክፍል ነበር። ለናሚ ደሴት ብሎ ወደዚያ የተጓዘ ህንዳዊ ቤተሰብ፣ ግማሽ ቀን ቢጨምር ሐውልቱንም አይቶ በምሽቱ ባቡር ሴኡል መመለስ ይችላል።