ለትልቅ ዓሣ የሚሆን ዘንግ በትንሽ ገንዘብ

እ.ኤ.አ. በ1898 ቻርልስ ፍሬድሪክ ሆልደር በካሊፎርኒያ ጠረፍ ፊት ለፊት በምትገኘው በካታሊና ደሴት 83 ኪሎ የሚመዝን ቱና በዘንግ አወጣ። በዚያው ዓመት በደሴቲቱ ከተማ በአቫሎን የቱና ክለብ ተመሠረተ፤ ትልልቅ የባሕር ዓሦችን በዘንግ ማጥመድም ደንብ ያለው ስፖርት ሆነ። የዚያ ዘመን ዘንግ ከእንጨት ይሠራ ነበር። ዛሬ ገበያውን የያዙት የፋይበርግላስና የካርቦን ዘንጎች ናቸው፤ ዋጋቸውም እጅግ ይራራቃል። ይሁንና ኪሱ ያልሞላ አጥማጅ ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። ለዚህ ሥራ ችግር የሚችለው ዘንግ ብዙ ጊዜ ርካሹ ነውና።

ማርሊንና ቱናን የመሳሰሉ ትልልቅ ዓሦች በአብዛኛው የሚጠመዱት በምትጓዝ ጀልባ ኋላ ማታለያ እየተጎተተ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ለመወርወር እንዲመች ቀላል መሆን አይጠበቅበትም። ሥራው ሁለት ነው፤ ዓሣው ሲነክስ ድንገተኛውን ጉተታ ተለምጦ መቀበል፣ ዓሣው ወደ ጥልቁ ሲወርድ ደግሞ ወደ ላይ መሳብ። ካርቦን ቀላልና ግትር ነው፤ ነገር ግን ከጀልባው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ትንሽ ከተጫረ፣ ሸክም ሲበዛበት እዚያው ላይ ሊሰበር ይችላል። ርካሹ ፋይበርግላስ ይከብዳል፤ በአንጻሩ በደንብ ይለመጣል፣ ግጭትም ይችላል። ሁለቱን ያደባለቁ መካከለኛ ዘንጎችም አሉ። በዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር መዝገብ ከሰፈሩት ጥቁር ማርሊኖች ሁሉ የሚበልጠውን፣ 707 ኪሎ የመዘነውን፣ አልፍሬድ ግላሰል በፔሩ ካቦ ብላንኮ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ያኔ የካርቦን ዘንግ ገና ገበያ ላይ አልዋለም ነበር።

ዘንግ የሚመረጠው በክሩ ልክ ነው። ማኅበሩ ክርን በሚችለው ጉተታ ይመድባል፤ ለትልቅ ዓሣ የተለመዱት 15፣ 24፣ 37 እና 60 ኪሎ ናቸው። ዘንጉ ላይ በፓውንድ ከተጻፈ 30፣ 50፣ 80 እና 130 የሚል ይነበባል። ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው በክሩ አቅም ሲሶ ያህል ነው፤ በ24 ኪሎ ክር አጥማጁ 8 ኪሎ ያህል ጉተታ ይታገላል ማለት ነው። አንድ ዘንግ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው የሚበጀው ይኸው የ24 ኪሎ ምድብ ነው፤ ለቢጫ ክንፍ ቱናም ለሴይልፊሽም ያገለግላል። ርዝመቱ፣ ቆሞ ለሚታገል ሰው፣ 1.70 ሜትር ገደማ ይበቃል። ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ለዓሣው ያደላል፣ የአጥማጁም ወገብ ይጎዳል።

ገንዘብ መቆጠብ የማይገባው ክሩ በሚያልፍባቸው ቀለበቶች፣ በሪሉ መቀመጫና በእጀታው ግርጌ ላይ ነው። ውድ ዘንጎች በቀለበት ፈንታ ክሩን የሚያሽከረክሩ ሮለሮች አሏቸው። ሮለር ለ37 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ክር ይጠቅማል፤ ግን ካልጸዳና ዘይት ካልጠጣ ጨው ያጣብቀዋል፤ መዞር ያቆመ ሮለር ደግሞ ከተራ ቀለበት የባሰ ክር ይበላል። ስለዚህ ለ24 ኪሎ ክር ጠንካራ ቀለበት፣ ቢቻል ጫፉ ላይ ብቻ ሮለር ያለው ዘንግ በቂ ነው። የሪሉ መቀመጫ ከብረት የተሠራ ይሁን፤ ርካሽ ፕላስቲክ በከባድ ጉተታ ይሰነጠቃል። የእጀታው ግርጌም በወገብ ቀበቶው ላይ ካለው ፒን ጋር የሚገጥም መስቀለኛ ስንጥቅ ይኑረው፤ ዘንጉ በትግል መካከል እንዳይዞር የሚይዘው እሱ ነው።

ያገለገለ ዘንግ ለሚገዛ ሰው ምርመራው ቀላል ነው። ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ ማሳለፍ፤ ጥጡን የያዘ ቀለበት የተሰነጠቀ ነው፣ ክርም ይቆርጣል። ሮለሮቹን በጣት ማዞር፤ ዘንጉን ከጫፍ እስከ ግርጌ መዳሰስ። ከዚያም ሪል ገጥሞ ክሩን በቀለበቶቹ ውስጥ ማሳለፍና በሚዛን እስከ 8 ኪሎ መሳብ። ቀለበት መቀየርና ማሰሪያውን እንደገና መጠቅለል ይቻላል፤ የተሰነጠቀ ዘንግ ግን በነፃ ቢሰጥም አይወሰድ።

ይህ እውቀት ባሕር ለሌለውም ይጠቅማል። በአርባ ምንጭ አጠገብ ባለው በጫሞ ሐይቅ የሚኖረው ነጭ ዓሣ ከትልልቆቹ የአፍሪካ ጨው አልባ ውኃ ዓሦች አንዱ ነው። ግብፅ ውስጥ ከናስር ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የዚሁ ዝርያ ዓሣ 104 ኪሎ መዝኗል። ለእሱ የ15 ኪሎ ምድብ የፋይበርግላስ ዘንግ ይመቻል።

ዘንጉ ከተገዛም በኋላ ዕድሜው በአጥማጁ እጅ ነው። ከባሕር በተመለሱ ቁጥር በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ዓሣው ከጀልባው ሥር ሲደርስም ዘንጉን ሽቅብ ቀጥ አድርጎ አለማቆም ያስፈልጋል፤ ሸክሙ ሁሉ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ጠንካራውም ይሰበራልና። ከዘንጉ ዋጋ የተረፈው ገንዘብ ደግሞ ለሪሉ ይዋል። ፍሬኑ ሳይነጥር ክሩን በእርጋታ የሚለቅ ሪል ክሩንም ዘንጉንም ያድናል፤ ትልቅ ዓሣ ለማውጣት የሚከፈል ገንዘብ ካለ ቅድሚያ የሚገባው ለእሱ ነው።