የበቆሎ ስታርችን ስለሚተኩ ዱቄቶች

በሐዋሳ ከተማ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ምግብ ቤት ወይም ኬክ ቤት የከፈተ ነጋዴ፥ ሾርባ የሚያወፍርበትና ኬክ የሚያለሰልስበት የበቆሎ ስታርች ቢያልቅበት ሥራው ሊስተጓጎል አይገባም፤ ምትኩ ከአገር ውስጥ ይገኛልና። ነገር ግን ነጭና የላመ ዱቄት ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ ስለማይሠራ፥ ከመግዛት አስቀድሞ ለምን እንደሚፈለግ መለየት ያሻል።

በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ቡላ ነው። በሲዳማ ሴቶች የእንሰቱን ግንድ ፍቀው፥ አሚቾ የሚባለውንም ወፍራም ሥር ቀጥቅጠው ጭማቂውን እንዲረጋ ያስቀምጡታል። ውሃው ሲቀዳ ከታች የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ይባላል። ይህም በባሕርዩ ስታርች ስለሆነ ሾርባንና መረቅን በሚገባ ያወፍራል። ሆኖም የቆየው ስለሚኮመጥጥ፥ ለጣፋጭ ምግብ አዲሱን መምረጥ ይገባል። እርጥቡም ከክብደቱ ብዙው ውሃ ስለሆነ፥ ደርቆና ተነፍቶ ካልሆነ በደረቅ ስታርች ልክ አይሰፈርም።

ሁለተኛው የድንች ስታርች ነው። ከበቆሎው ባነሰ ሙቀት ስለሚወፍር በመጨረሻ ይጨመራል፤ ብዙ ከፈላ መልሶ ይቀጥናል።

ሦስተኛው በወላይታና በጋሞ የሚበቅለው ካሳቫ ነው። ስታርቹ ለፍራፍሬ መረቅ ጥሩ ወዝ ይሰጣል። ነገር ግን ጥሬው ሥር ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ስለሆነ፥ በሚገባ ተልጦ፣ ተዘፍዝፎና ደርቆ መዘጋጀቱ ያልተረጋገጠ ዱቄት መግዛት አደጋ አለው።

የስንዴ ዱቄትም ያወፍራል፤ ዳሩ ግን በአንድ ማንኪያ ስታርች ፈንታ ሁለት ማንኪያ ይፈልጋል፥ የጥሬነት ጣዕሙም እስኪጠፋ መብሰል አለበት። ለብስኩት ደግሞ ከስንዴው ጋራ ጥቂት የሩዝ ዱቄት ቢቀላቀል ብስኩቱ በአፍ ውስጥ በቀላሉ ይፈረፈራል። ማንኛውም ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ካልገባ ይጓጉላል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ነጋዴው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ስንዴ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አለው፤ ይህም ለአንዳንድ ሰዎች ሕመም ያመጣል። ቡላ፣ ድንች፣ ካሳቫና ሩዝ ግን ይህ የለባቸውም። ስለዚህ ቡላን ከስንዴ ዱቄት ቀላቅሎ በንጹሕነት ስም መሸጥ ገንዘብ ማታለል ብቻ ሳይሆን የገዢውን ጤና መጉዳት ነው። ገዢው ጥቂቱን በውሃ ለውሶ ቢያሸው፥ ስንዴ የበዛበት እንደ ሊጥ ይለጠጣል፤ ንጹሑ ግን አይለጠጥም። ጥቂት ስንዴ ብቻ የገባበት ግን በዚህ ፈተና ስለማይታወቅ፥ ለሕመምተኛ የሚቀርበውን ቡላ ከታመነ አዘጋጅ መግዛት ይሻላል። የዕቃውን ዓይነት በእውነት የሚናገር ሻጭም ደንበኛውን ያቆያል።